የኑሃሚን ዋስ

ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሽማግሌ ሆኜ ያልገባሁበት የሐበሻ ቤት ጥቂት ነው። ድሮ ሴት ለሽምግልና አትላክም ይባል ነበር፤ እዚህ ወንዶቹ ሺፍት ስለሚበዛባቸው ተራው ለእኛም ደረሰን። የተኳረፉ ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፤ ልጅ ለጋብቻ ጠይቄአለሁ፤ አንድ ቤት በጋራ ገዝተው የተጣሉ ጓደኛሞችን ፍርድ ቤት ሳይደርሱ መልሻለሁ። ለዶክትሬት ጽሑፍ ርዕስ ሽማግሌ ስላክ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ቀለደብኝ እል ነበር።

የተላክሁባት ልጅ ኑሃሚን መንገሻ ናት። እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ በእኔ እጅ ያደገች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እናቷ ብዙአየሁ ሆስፒታል ስትውል፣ አባቷ መንገሻ ኤርፖርት ጭነት ክፍል ሲውል፣ እኔ ቤቴ ውስጥ የሰው ልጆች እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ልጆች በበረዶ መንሸራተቻ ተጣሉና ለሚያለቅሰው ሰጥቼ ነገሩን ዘጋሁት። ኑሃሚን ጠቡ ውስጥ የለችበትም። መጥታ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ፣ “ማትያስንስ ጠየቅሽው?” አለችኝ። ማትያስ እኮ አላለቀሰም ስላት፣ “ያላለቀሰም ይጠየቃል” አለች። ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ይቺ ልጅ ወይ ጠበቃ ትሆናለች ወይ ታሳብደናለች አልኩ። ሁለቱም ደረሰ።

ተማሪ ሳለች በጋ በጋውን ኤርፖርት የጠፋ ሻንጣ በሚጠየቅበት መስኮት ትሠራ ነበር። ከፍራንክፈርት መጥተው ሻንጣቸው የቀረባቸው ጀርመኖች ሲነዘንዟት፣ ንዝነዛቸውን ለመረዳት ስትል ጀርመንኛ ጀመረች። እኔ ብሆን መስኮቱን ዘግቼ ነበር የምሄደው። እሷ ቋንቋውን ይዛ ቀረች። ሕግ ተምራ ስትጨርስ መሐል ከተማ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ የነዳጅ ኩባንያዎች ጠበቃ ሆና ተቀጠረች፤ የዚያን ጊዜ የመንገሻን ደስታ ማን ባየው። ብዙም ሳይቆይ ሥራዋን ለቀቀችና ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰች። በዓለም አቀፍ ሕግ ዶክትሬት ልትሠራ ነው ተባለ። ስለ የትኛው ሀገር? ስለ ጀርመን። መቼ? ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ንጉሣቸው ሸሽቶ ሪፐብሊክ ባቆሙ ጊዜ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ የጠየቃት አንድ ጥያቄ ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?

ይህ ጥያቄ ያን ጊዜም አናዶኛል፤ ዛሬም ያናድደኛል። የጀርመን ልጅ ግዕዝ ተምሮ ስለ እኛ ሲጽፍ ፕሮፌሰር ብለን ከወንበራችን እንነሣለታለን። የእኛ ልጅ ጀርመንኛ ተምራ ስለ እነሱ ስትጽፍ ምን አገባሽ ትባላለች። የሰው ሁሉ ነገር ለሌላው ተፈቅዶ ለእኛ የራሳችን ጓሮ ብቻ የተተወልን ማን ፈርዶብን ነው?

መንገሻ መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ነበር። ነገሩ የተበላሸው የሚመሯት ፕሮፌሰር ጡረታ ወጥተው ሌላ ሰው ሲተካ ነው። አዲሱ ሰው ጀርመኖቹን ትታ ስለ ኢትዮጵያ ብትጽፍ ጥሩ ፌሎሺፕ፣ የጥናት ገንዘብ ማለት ነው፣ እንደሚያገኝላት ነገራት። ከአንቺ የሚጠበቀው ይኸው ነው ዓይነት ነገር ብሏታል። ኑሃሚን እንቢ አለችው። ለአባቷ ስታወራው ግን እየሳቀች ስለነበረ፣ እሱ እንቢታውን አልሰማም፤ ኢትዮጵያ የሚለውን ብቻ ሰማ።

መንገሻ ክፉ ሰው አይደለም። መኪናህ በረዶ ውስጥ ቢቆም ከአልጋው ተነሥቶ የሚመጣ ሰው ነው። ሀገር ቤት ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ከሥራ ሲወጣ ስልኩ ላይ የፖለቲካ ወሬ ከፍቶ፣ ከከተማው ውጭ ኤርድሪ ያለው ቤቱ እስኪደርስ ሀይዌይ ቱ የሚባለውን መንገድ ሙሉ ከመኪናው መሪ ጋር ይከራከራል። እሱ ብቻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የግራው ወንበር ከቀኙ ወንበር ጋር ሰላምታ ያቆመበት ጊዜ ነበር፤ አንድ ጌታ እያመለክን። ሁሉም ወገን የራሱን እውነት ለዓለም የሚያስረዳለት የተማረ ሰው ይፈልጋል። መንገሻ ደግሞ የተማረ ሰው ወልዷል።

አንድ እሑድ በምስክርነት ሰዓት ማይክራፎኑን ተቀበለ። “ጌታ ይባረክ፤ ልጄ ኑሃሚን የእኛን እውነት ለዓለም ፍርድ ቤት የሚያስረዳ መጽሐፍ እየጻፈች ነው። ጸልዩላት” አለ። ግማሹ ጉባኤ አጨበጨበ፤ አንዲት እናት እልል አሉ። ሌላው ግማሽ አቀረቀረ። ኑሃሚን ከኋላ ወንበር ተነሣች።

“አባዬ ሚስቴክ ነው። እኔ ለማንም ሳይድ አልጽፍም። ቶፒኬም አልተለወጠም” አለችና ተቀመጠች።

አባት በጉባኤ ፊት በልጁ ታረመ። መንገሻ ያን ቀን ከማንም ጋር ሳይነጋገር ወጣ። እሷ መሐል ከተማ ቤልትላይን የተከራየችው አፓርታማ ውስጥ፣ እሱ ኤርድሪ፣ ከፋሲካ እስከ ሐምሌው የስታምፒድ በዓል ቃል ሳይለዋወጡ ከረሙ። ብዙአየሁ በመሐል ተቃጠለች። በመጨረሻ መንገሻ እኔን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ በድሉንና ታክስ የሚሠራልንን ጢሞቴዎስን ጠራን። ርዕሷን ትለውጥ፣ በጉባኤ ፊትም ይቅርታ ትጠይቀኝ፣ ካልሆነ ልጅ የለኝም ብሎ ላከን።

ቅዳሜ ቀን ሄድን። ጢሞቴዎስ ፓርኪንግ ፍለጋ ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ ሲያበቃ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ ጠበቀን። ላብ በላብ ሆነን ስንገባ ኑሃሚን ምስርና ሩዝ ሠርታ ጠረጴዛውን አሰናድታለች። ቤቱ ከመጽሐፍ ሌላ ነገር የለውም ብል ይቀለኛል።

ጋሽ በድሉ በሩ አጠገብ ቆሙ። “ልጄ፣ ለሽምግልና ነው የመጣነው። እሺ ሳትይን አንቀመጥም፤ እህልም አንቀምስም” አሉ።

“እሺ ጋሼ። ግን ጉልበትዎን ያምዎታል አይደል?” አለቻቸው።

ጋሽ በድሉ ጥቂት አሰቡና ተቀመጡ። እኔም አልተግደረደርኩም። እህሉ ግን እዚያው ቀረ።

“እስኪ ነገሩን ከሥሩ ንገሪን” አላት ጢሞቴዎስ። “እነዚህ ጀርመኖች ምን አደረጉልሽ?”

“ላይክ፣ ጀርመን ተሸነፈች አይደል? የሰላም ውሉ በጣም ከባድ ነበር። ለጦርነቱ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ብለው አስፈረሟት። ስለዚህ ኦልሞስት ሁሉም የሕግ ፕሮፌሰሮች አንድ ሥራ ያዙ፤ የጀርመንን እውነት ማስረዳት። በጣም ጎበዞች ናቸው፤ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ። ጥቂቶቹ ግን፣ እነዚህ የእኔዎቹ፣ ሌላ ነገር አሉ። ውሉ ከባድ ነው፣ ትሩ ነው፤ እኛም ግን ቤልጂየምን ወርረናል አሉ። ሕግ ሌላውን የምመታበት ዱላ ብቻ ከሆነ ሕግ አይደለም፣ እኔንም ማሰር አለበት አሉ። አዲሱ ሪፐብሊክ እኮ በሕገ መንግሥቱ ጽፎት ነበር፤ ሁሉም የሚቀበለው የዓለም ሕግ የእኛም ሕግ ነው ብሎ። ያንን የምር ያዙት።”

“ታዲያ ምን ሆኑ?” አልኳት።

“ከሃዲ ተባሉ እትዬ። ሪፐብሊኩ ሲወድቅ ደግሞ ከሥራ ተባረሩ። ከሀገር የወጡም አሉ።”

“እንግዲያው ተሸንፈዋል” አሉ ጋሽ በድሉ፣ ክርክሩ ያለቀ መስሏቸው።

“ያኔ አዎ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ላሸነፈ ሰው ጸሐፊ አይጠፋም።”

ኑሃሚን ወንበሯን ወደ እኛ አስጠጋች። ያቺ ቀሚሴን የያዘችው ልጅ ፊቷ ላይ ስትመጣ አየኋት።

“አሁን እኔ ልጠይቅ” አለች። “ይሄ ሽምግልና ነው ወይስ መልእክት? ሽምግልና ከሆነ አባዬም ይጠየቃል። ሽማግሌዎቹ ያሉትን እቀበላለሁ ብሎ ነው የላካችሁ?”

ሦስታችን ተያየን። ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ የአንድ ወገን መልእክተኛ ነው፤ እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም ይላል፣ ወጉ ነው። ለጠብ የተጠራ ሽማግሌ ግን ዳኛ ነው። ሁለቱንም ወገን ዳኝነታችንን ትቀበላላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ሁለቱንም ዋስ ያስጠራል፣ ከዚያ ወዲያ ማፈግፈግ የለም። እኛ ሁለቱን ወግ ደባልቀን፣ አንዷን አስረን ሌላውን ፈትተን፣ ልጅቱን ላልመረጠችው ርዕስ ልንድር መጥተናል። መንገሻ አባት ስለሆነ ብቻ አንድም ሰው ያንተስ ቃል አላለውም። ያላለቀሰም ይጠየቃል ያለችኝ ልጅ እንደገና ያዘችኝ፤ ተናደድኩ፣ ደግሞም ኮራሁባት።

“እሱ ከታሰረ እኔም እታሰራለሁ” አለች። “ጀርመኖቹን ተዪ ብትሉኝ እተዋለሁ። ተዋት ብትሉት ደግሞ ይተወኛል።”

“ብንፈርድብሽስ?” አልኳት። ጋሽ በድሉ በልባቸው ፈርደውባት እንደመጡ አውቃለሁ።

“ፈርቻለሁ እትዬ፣ አልዋሽም። ግን ጀርመንም ሪፐብሊኩ ሳይወድቅ በመጨረሻ ለዓለም ፍርድ ቤት እንደዚህ ነው ያለችው፤ ሌላው ለመዳኘት እሺ ካለ እኔም እሺ። የእኔ ጀርመኖች ስንት ዘመን የለፉት ለዚህ ነው። እኔ ቤቴ ውስጥ ካልፈለግኩት ስለ እነሱ ምን ብዬ እጽፋለሁ?”

እህሉን ሳንቀምስ ወጣን። ከዚያው በቀጥታ ወደ ኤርድሪ ነዳን።

መንገሻ ነገሩን ሲሰማ ከሶፋው ተነሣ። “እኔ አባት ነኝ። ከወለድኳት ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሜ ልዳኝ? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። የላክኋችሁ እሷን እንድታመጡ እንጂ እኔን እንድታቆሙ አይደለም።”

“አንተ የማትታሰርበት ገመድ ከሆነ እኛም አንቋጥረውም” አልኩት። “ሽማግሌ ነን እንጂ ፖስተኛ አይደለንም።”

“እትዬ ሸዋወርቅ፣ እርስዎ ድሮም ለእሷ ያደላሉ።”

“አዎ አደላለሁ። ለዚህ ነው ሦስት ሆነን የተላክነው።”

ብዙአየሁ ከማድቤት እጇን እየጠረገች ወጣች። “ስለ ዓለም ፍርድ ቤት ጠዋት ማታ የምታወራ ሰው፣ ሦስት ሽማግሌ ፈራህ?” አለችው።

መንገሻ ሚስቱን አየ፣ እኛን አየ፣ መስኮቱን አየ። “ትምጣ” አለና ወደ ጋራዡ ወረደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኑሃሚን ኤርድሪ መጣች። አባትና ልጅ ሳይሳሳሙ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጋሽ በድሉ ዛሬ ወጉን አልሳቱም። “መንገሻ፣ ዳኝነታችንን ትቀበላለህ?” አሉ። እቀበላለሁ አለ። ዋስ ጥራ ሲባል ሚስቱን ጠራ። ብዙአየሁ፣ “እስካሁን ስዋስህ የኖርኩት አይበቃም?” አለች፤ ግን እሺ አለች። ኑሃሚንም እቀበላለሁ አለች።

“ዋስ ጥሪ።”

እኔን ትጠራለች ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ነበር።

“አባዬን” አለች።

ጋሽ በድሉ ግራ ገባቸው። “ልጄ፣ እሱ እኮ ተከራካሪሽ ነው።”

“አውቃለሁ ጋሼ። ከፈረዳችሁብኝ ቃሌን እንደማላጥፍ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱ ነው ያስተማረኝ። ሌላ ሰው ብጠራ ያንን ሁሉ እንደ መካድ ነው።”

ዋስ ማለት የተፈረደው እስኪፈጸም ተጠያቂ መሆን ነው። መንገሻ አልዋስም ቢል ዋስ የሌላት ልጅ አትዳኝም፤ ነገሩ በዚያው ይፈርስለት ነበር። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ እሱም ያውቃል። “ቃሏን አታጥፍም” አለ ቀስ ብሎ። “እዋሳታለሁ።” እኔ እንባዬ መጣ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም።

ከዚያ የሆዱን ተናገረ። “የእኛ ሰው ሲያልቅ ዓለም ዝም አለ። እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? እሷ ሕግ ታውቃለች፣ ቋንቋ ታውቃለች። ለእኛ ካልተናገረች ያን ሁሉ ኦቨርታይም የሠራሁት ለማን ነው? ለጀርመን ነው?” ፖለቲካውን አልወድለትም፤ ሕመሙ ግን እውነት ነበር።

“አባዬ፣ የእኛ ሰው መሞቱን አልካድኩም። ሰልፍ ስትወጡ አብሬ ወጥቻለሁ፣ በዚህ ብርድ። ግን እኔ ለአንድ ወገን ከጻፍኩ፣ የወዲያኛው ወገን ልጅም ለእነሱ ይጽፋል። ሁለታችንም ጎበዞች ነን። ጦርነቱን በመጽሐፍ እንቀጥለዋለን ማለት ነው። ጀርመን አገር የሆነው እንደዚህ ነው። ስለዚህ ተዪ ካላችሁኝ እተዋለሁ፤ ጠበቃ ሆኜ እሠራለሁ። ያንን መጽሐፍ ግን አንተም፣ ፕሮፌሰሩም፣ ማንም አያስጽፈኝም።”

ሦስታችን ጋራዥ ወርደን በበረዶ ጎማዎቹ መሐል ተማከርን። ጋሽ በድሉ አባት ይከበር አሉ። ጢሞቴዎስ፣ የጽሑፍ ርዕስ በሽማግሌ ከተለወጠ ነገ የእኔንም ሥራ ትለውጡታላችሁ አለ። እኔ፣ ጋሽ በድሉ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ “መንገሻ የሚለምነው ዓለም እንዲሰማው ነው፤ ሰው እንዲሰማው የሚፈልግ መጀመሪያ ልጁን ይስማ” አልኩ። ብዙ ተከራከርን። ስንወጣ ሦስታችንም አንድ ቃል ይዘን ወጣን፤ የተናገሩትም ጋሽ በድሉ ናቸው።

“ጽሑፉ የእሷ ነው፤ እንደጀመረችው ትጨርስ። አባቷን በሰው ፊት ማረሟ ወግ አልነበረም፤ ይቅርታ ትጠይቅ። መንገሻም ያልሆነውን ሆነ ብሎ ለጉባኤ ተናግሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ማይክራፎኑ ግን እዚያው አለ። በተናገርክበት ቦታ ቆመህ ታቃናዋለህ።” ከዚያም ጨመሩ። “ትጨርስ ብለናል። ባትጨርስ የምንጠይቀው ዋሷን ነው።”

መንገሻ ቀና አለ። ምን እንደተሸከመ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል።

ኑሃሚን ተነሥታ ጉልበቱን ሳመች። “ቤት ልነግርህ ሲገባኝ ሰው ፊት በማድረጌ ይቅርታ። ላልኩት ነገር ግን ይቅርታ አልጠይቅም።”

ጋሽ በድሉ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ መንገሻ በእጁ ከለከላቸው። “ይተዋት ጋሼ። እኔም በነገሩ አልተስማማሁም” አለ። ከዚያ ብዙአየሁ ምሳ አቀረበች፤ የሁለት ቅዳሜ ረሃባችንን በላን።

ፌሎሺፑ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ኑሃሚን ተማሪ እያስጠናች ቆይታ፣ ጀርመኖቿን የሚፈልጉ ሌላ ፕሮፌሰር በብዙ ደጅ መጥናት አገኘች። ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው። መጀመሪያ እሑድ መጣ።

መንገሻ ሱፍ ለብሶ ከፊት ተቀምጦ ነበር። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ማይክራፎኑን ተቀበለና ጉሮሮውን ጠረገ። “ባለፈው ስለ ልጄ የተናገርኩት ልክ አልነበረም” አለ። “የምትጽፈው ስለ እኛ አይደለም። ሀገራቸው ተሸንፋ፣ ተዋርዳ ሳለ፣ ሕግ እኛንም ያስራል ስላሉ ጥቂት ጀርመኖች ነው። ሀገሬው ከሃዲ አላቸው። እኔም እዚያ ብኖር ከሃዲ እላቸው ነበር። ዛሬም አልተስማማሁም።”

ከግራው ወንበርም ከቀኙም የሚያጨበጭብ የለም። ኑሃሚን ከኋላ፣ ያን ቀን በተነሣችበት ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። መንገሻ ማይክራፎኑን ሊመልስ እጁን ዘረጋና ሐሳቡን ለውጦ መልሶ ወደ አፉ አመጣው።

“አንዳንዶቻችሁ ርዕሷን እንድትለውጥ እየጸለያችሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ” አለ። “አቁሙ። ተዳኝተናል። ዋሷም እኔ ነኝ።”